ቀይ ቀለም የነካው ደብተር፦ የእንግሊዝኛ ሰዋስውና ጽሕፈት ትምህርት በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች

እንግሊዝኛ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ስላለው ስፍራ ብዙ ተጽፏል። ይሁንና የተጻፈው አብዛኛው የመማሪያ ቋንቋን ጉዳይ፣ ይኸውም ትምህርት በየትኛው ቋንቋና ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጥ የሚለውን ክርክር የሚመለከት ነው። ከዚህ ክርክር ሥር ድምፁ ዝቅ ያለ ሌላ ታሪክ አለ፤ እርሱም የተማሪው ደብተር ታሪክ ነው። ተማሪው በእንግሊዝኛ ስንት ዐረፍተ ነገር በገዛ እጁ ጻፈ? የጻፈውንስ ማን አነበበለት፣ ማንስ አረመለት? በዘመናዊው ትምህርት ዕድሜ ውስጥ የሰዋስው ደንብ በክፍል ያልተነገረበት ጊዜ የለም ለማለት ይቻላል። የተለዋወጠው ደንቡ ራሱ ሳይሆን ደንቡ ከጽሕፈት ጋር የነበረው ዝምድና ነው።

ነገሩን ከመነሻው ለማየት እንግሊዝኛ ከመምጣቱ በፊት ወደ ነበረው ትምህርት ቤት መመለስ ያስፈልጋል። «ሰዋስው» የሚለው ቃል በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። የቋንቋ ደንብ በዚህ ስም መጠራቱ ከግብፅ የተወረሰ ልማድ ነው፤ የግብፅ ክርስቲያን ሊቃውንት የቅብጥን ቋንቋ በዓረብኛ ለማስተማር ያዘጋጇቸው የቃላትና የደንብ መጻሕፍት «መሰላል» ይባሉ ነበርና። በኢትዮጵያ ይህ ትምህርት ከቅኔ ቤት ጋር ተቆራኝቶ አደገ። ግዕዝ በዕለት ንግግር የማይሰማ፣ ተማሪው ከእናቱ ያልተማረው ቋንቋ በመሆኑ የቅኔ መምህር የነበረበት ችግር ኋላ የእንግሊዝኛ መምህር ከገጠመው ችግር እጅግ የራቀ አልነበረም።

የቅኔ ቤቱ መፍትሔ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ተማሪው ግሥ ያወርዳል፤ ቀተለን፣ ቀደሰን፣ ተንበለን፣ ባረከንና ሌሎቹን የግሥ አርእስት ይዞ ርባ ቅምሩን ያጠናል፤ አገባቡንም ከመምህሩ ቃል ይቀበላል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ጨርሶ እስኪያውቅ ድረስ ከመድረስ አይከለከልም። ገና ጥቂት ግሥ እንደያዘ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና መቁጠር ይጀምራል። ከዚያ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ እያለም እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ለብቻው ገለል ብሎ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተሳሳተውን ግሥ፣ ያልገባውን አገባብ፣ የጎደለውን ቤት እዚያው ያርምለታል። ተማሪው በበዛበት ጉባኤ መምህሩ ሁሉንም መስማት ስለማይችል ከፍ ያሉት ተማሪዎች አስነጋሪ ሆነው የታናናሾቹን ቅኔ ይሰማሉ፣ ያቃናሉ። ደንቡና ድርሰቱ ሁለት የትምህርት ዓይነት አልነበሩም። ትናንት የተነገረው አገባብ ዛሬ በተማሪው ቅኔ ውስጥ ይፈተናል፤ ዛሬ የታረመውም ስሕተት ለነገው ደንብ ማስረጃ ይሆናል።

ይህን ትምህርት ያለ እንከን አድርጎ ማቅረብ አይገባም። ዓመታት ይፈጅ ነበር፤ ብዙዎች ከመንገድ ይቀሩ ነበር፤ የሚያስገኘውም የቃል ግጥም እንጂ ዝርው ጽሑፍ አይደለም። ሴቶች ልጆች ከጥቂቶች በቀር ከደጁ አልደረሱም። የሆነ ሆኖ በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ ለዘመናት የተሠራበት ይህ ዘዴ የማያውቁትን ቋንቋ ደንብ በየዕለቱ እየደረሱና እየታረሙ መማር እንደሚቻል አሳይቷል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ከዚህ ልምድ ጋር ብዙ አልተገናኘም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን የጀመረው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛን፣ እንግሊዝኛንና ጣሊያንኛን ከአማርኛና ከግዕዝ ጋር ያስተምር ነበር፤ መምህራኑም በአመዛኙ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ሰዋስው የሚለው ስያሜ ከመጣበት አገር የዘመናዊው ቋንቋ መምህራንም መምጣታቸው የታሪክ አጋጣሚ ነው። በዚያ ዘመን ቀዳሚው የውጭ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሳይሆን ፈረንሳይኛ ነበር። የጅቡቲው ምድር ባቡር ኩባንያ፣ የውጭ ጉዳይ መጻጻፊያ፣ የንግዱም ደብዳቤ በፈረንሳይኛ ይሠራ ስለነበር ወጣቱ ሥራ ለማግኘት ፈረንሳይኛ ያሻው ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ይህንኑ መንገድ የተከተለ ሲሆን እንግሊዝኛ ከጎኑ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ እንግሊዝኛ በኢትዮጵያ ከብዙዎቹ አንድ የሆነ ቋንቋ እንጂ የትምህርት ሁሉ በር አልነበረም።

በሩን የለወጠው ጦርነቱ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ ወይም ለጣሊያን ዓላማ ዋሉ፤ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ከየካቲት 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ተገደሉ። ነፃነት ሲመለስ ግን የተማረው ሰው አልቆ፣ የብሪታንያ ጦርና አማካሪዎች በአገሩ ውስጥ ሆነው ነበር። በጥር 1934 ዓ.ም. ከብሪታንያ ጋር ውል ተፈረመ፤ በመጋቢት የወጣው ነጋሪት ጋዜጣም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተም ጀመር። ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ በእጅ የተገኙት መጻሕፍት በአብዛኛው ለሌሎች የብሪታንያ ግዛቶች ልጆች የተሰናዱ ነበሩ። ስለ መማሪያ ቋንቋ ሰፊ ምክክር ተደርጎ ሳይሆን መጽሐፉና መምህሩ በተገኘበት ቋንቋ እንግሊዝኛ የትምህርት ሁሉ ማስተላለፊያ ሆነ።

በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በ1938 ዓ.ም. በብሪቲሽ ካውንስል እገዛ የተቋቋመው ጄኔራል ዊንጌት የዚህ ዘመን መለያዎች ናቸው። ተማሪዎቹ ጥቂቶች፣ አብዛኞቹም አዳሪዎች ነበሩ። ቋንቋው ከክፍል ውጭ በመመገቢያ አዳራሽና በስፖርት ሜዳም ይነገር ነበር። በዚያ ዘመን ከእንግሊዝ አገር የመጣው የፈተና ወግ ከተማሪው የሚፈልገው ድርሰት እንዲጽፍ፣ ረዥሙን ምንባብ በራሱ ቃል እንዲያሳጥር፣ የቃል ጽሕፈት ሲነበብለት ሳይሳሳት እንዲገለብጥ ነበር። ሰዋስው በጥብቅ ይሰጥ ነበር፤ ዐረፍተ ነገሩን ባለቤት፣ ማሰሪያ አንቀጽና ተሳቢ እያሉ መበታተን የተለመደ ሥራ ነበር። ሆኖም የሳምንቱ ድርሰት ከመምህሩ እጅ በቀይ ቀለም ተሞልቶ ይመለስ ነበር። ከዚህ ትውልድ የወጡት ሰዎች በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ጽሑፍ ዛሬም ድረስ ይመሰገናል። ምስጋናው ብዙ ጊዜ ለዘመኑ ጥብቅ ሰዋስው ይሰጣል፤ የበለጠው ድርሻ የሚገባው ግን ለተመለሰው ደብተር ይመስላል። ያን ያህል ደብተር ማንበብ የተቻለውም ተማሪው ጥቂት ስለነበር መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

የዚያ ሰዋስው ምንጭ ምን ነበር? የእንግሊዝኛ ደንብ ሲጻፍ ከጥንት ጀምሮ የላቲን ልብስ ተሰፍቶለት ነበር። ከደንብ ጸሐፊዎቹ ሁሉ በትምህርት ቤት የበለጠ የተስፋፋው አሜሪካዊው ሊንድሊ መሪ ነው። ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በዮርክ ከተማ ሲኖር እ.ኤ.አ. በ1795 ለአንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት መምህራት ጥያቄ ሲል ያሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ ለብዙ ትውልድ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መማሪያ ሆኗል። ሁለት ዓመት ቆይቶም የመልመጃ መጽሐፍ አወጣ፤ በውስጡም ሆን ተብሎ የተበላሹ ዐረፍተ ነገሮች ተሰድረው ተማሪው ስሕተታቸውን ፈልጎ እንዲያቃና ይጠየቅ ነበር። ዛሬ በፈተና ወረቀት ላይ «ስሕተቱን አመልክት» የሚለው ጥያቄ የሩቅ ዘሩ ከዚህ ነው። መሪ የጻፈው ግን ቋንቋውን ከእናታቸው ለተማሩ ልጆች ነበር፤ እነርሱ የተበላሸውን ዐረፍተ ነገር በጆሯቸው ያውቁታል። በደብረ ማርቆስ ወይም በጎሬ ለሚማረው ልጅ የተበላሸውና የተቃናው ዐረፍተ ነገር እኩል እንግዳ ናቸው።

ይኸው የስምንት ክፍል ሥርዓት አማርኛንም ነክቶታል። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ያዘጋጁት የአማርኛ ሰዋስው ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ቅጽል፣ ግሥ፣ ተውሳከ ግሥ፣ መስተዋድድ፣ መስተጻምር፣ ቃለ አጋኖ የሚለውን አከፋፈል በትምህርት ቤት አስለመደ። በ1987 ዓ.ም. የባዬ ይማም የአማርኛ ሰዋስው ታትሞ የቃል ክፍሎቹን ወደ አምስት እስኪያወርድ ድረስ ተማሪው አማርኛንም እንግሊዝኛንም በአንድ መነጽር ያይ ነበር። ይህ ለስያሜ መጽናት ጠቅሟል። የሁለቱ ቋንቋዎች ልዩነት ግን በስያሜው ተሸፍኖ ቀረ።

መምህር ከደብተር ላይ የሚያገኘው ስሕተት ደግሞ በአብዛኛው ከዚህ ከተሸፈነው ልዩነት የሚወጣ ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ባለቤቱንም በግሡ ውስጥ ስለሚያዝል «መጣ» ብሎ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ይቻላል። እንግሊዝኛ ባለቤቱ ለብቻው እንዲቆም ግድ ይላል። አማርኛ በቦዝ አንቀጽ እያያያዘ «ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ በልቶ፣ ወጣ» ይላል። ይህን የለመደ ተማሪ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ገጹን በ«ኤንድ» ያያይዘዋል፤ አራት ነጥብ የት እንደሚገባም ይጠፋዋል። በግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል የለምና ዐረፍተ ነገሩ የጀመረበት ምልክትም አብሮ ይጠፋል። «ምንም እንኳ ድኻ ቢሆን፣ ነገር ግን ሐቀኛ ነው» ማለት በአማርኛ ጆሮ አይጎረብጥም። ስለዚህም «ኦልዞ ሂ ኢዝ ፑር፣ በት ሂ ኢዝ ኦነስት» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከየትምህርት ቤቱ፣ በየዓመቱ ያለማቋረጥ ይመጣል። «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ «አይቼዋለሁ» ከ«ትናንት» ጋር በአማርኛ ያለ ጠብ ይኖራልና። «ዘ» እና «ኤ» የሚባሉት ትንንሽ ቃላት ደግሞ የሁሉም ፈተና ናቸው፤ አማርኛ የታወቀውን ነገር በስሙ መጨረሻ «ቤቱ»፣ «ልጅቷ» ብሎ ይለያል እንጂ ከፊቱ የሚያቆመው ቃል የለውም።

ይህም ሁሉ አማርኛ አፉን ለፈታበት ልጅ ነው። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሲዳምኛ ለተወለደው ደግሞ እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ቋንቋ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቋንቋው ጋር እያነጻጸረ የሚያስረዳው መምህርም እምብዛም አላገኘም። መጽሐፉ ስለ ልዩነቱ ዝም ሲል፣ መምህሩም የተማሪውን ቋንቋ በማይችልበት ጊዜ፣ የስሕተቱ ምክንያት «ስንፍና» ተብሎ ይመዘገብ ነበር።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ሁለት ነገሮች በአንድነት መጡ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኞች፣ ቁጥራቸው ወደ 280 የሚጠጋ፣ ወደ አዲስ አበባ ገቡና አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ከእነርሱ በፊትም በኋላም ብዙ የሕንድ መምህራን በየአውራጃው ያስተምሩ ነበር። ተማሪው ከሰኞ እስከ ዓርብ የሕንዱን፣ የአሜሪካዊውንና የአገሩን መምህር እንግሊዝኛ እየሰማ ያድግ ነበር። ሦስቱም በአነጋገርም በማስተማር ወግም ይለያያሉ። ወጣቶቹ አሜሪካውያን ብዙዎቹ በመምህርነት ያልሠለጠኑ ቢሆኑም ከልጆቹ ጋር ማውራትንና ስለ ራስ ሕይወት ማጻፍን አዘወተሩ። ሕንዶቹ በሰዋስው ደንብና በቃል ጥናት ይበረቱ ነበር። የትኛው ይሻል እንደነበር የዚያን ዘመን ተማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ክርክሩም የሚያልቅ አይመስልም፤ እያንዳንዱ የሚመሰክረው ደብተሩን ላነበበለት መምህር ነውና።

በ1956 ዓ.ም. ደግሞ አማርኛ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል መማሪያ ቋንቋ ሆነ። እንግሊዝኛ በአንደኛ ደረጃ ወደ አንድ የትምህርት ዓይነትነት ወርዶ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የሁሉም ትምህርት ቋንቋ ሆኖ ይጠብቅ ነበር። ለልጆቹ መረዳት ይህ ታላቅ እርምጃ እንደነበር አያጠራጥርም። ነገር ግን በስድስተኛና በሰባተኛ ክፍል መካከል ገደል ተፈጠረ። በሰኔ ወር በእንግሊዝኛ ስለ ቤተሰቡ አምስት አጫጭር ዐረፍተ ነገር ይጽፍ የነበረ ልጅ በመስከረም የጂኦግራፊ ማስታወሻ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ተጠየቀ። ከሰሌዳ መገልበጥ የልጁም የመምህሩም መሸሸጊያ ሆነ። ደብተሩ ሞላ፤ በውስጡ ግን ልጁ ራሱ የሠራው ዐረፍተ ነገር ጥቂት ነበር።

ከዚህ የበለጠ ክፍሉን የለወጠው ግን ፈተናው ነው። በዩኒቨርሲቲው ሥር ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ የትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተና የተፈታኙ ቁጥር እያደገ ሲሄድ መልስ ወደሚመረጥበት ጥያቄ አዘነበለ፤ በኋላም ሙሉ በሙሉ የምርጫ ሆነ። ምክንያቱ የሚነቀፍ አልነበረም። በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ድርሰት በእኩል ሚዛን አርሞ ውጤት ማሳወቅ ከማንም አቅም በላይ ነው፤ የምርጫ ጥያቄ ከአድልዎም ከመዘግየትም ያድናል። ውጤቱ ግን ወደ ክፍል ተመልሶ መጣ። «ኢፍ አይ … ሪች፣ አይ ውድ ባይ ኤ ሀውስ» ተብሎ ከ«አም»፣ ከ«ዋዝ»፣ ከ«ወር»ና ከ«ቢ» አንዱን መምረጥ የሚችል ተማሪ በዚያው ደንብ አንድ የራሱን ሐሳብ ሳይጽፍ ትምህርቱን መፈጸም ቻለ። በፈተና የማይጠየቀው ድርሰት በመጀመሪያ ከሳምንት ወደ ወር፣ ከዚያም ከወር ወደ ሴሚስተር ተራዘመ። መምህሩ አልሰነፈም፤ ወላጅም፣ ርዕሰ መምህርም፣ ተማሪውም ራሱ የሚጠይቁት የፈተናውን ውጤት ነበርና ጊዜውን ለሚጠየቀው አዋለ።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የትምህርት መስፋፋት ከዚያ በፊት ባልታየ ፍጥነት ሄደ። የገበሬው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ደረሰ፤ ክፍሎቹ በፈረቃ እየተከፈሉ ሞሉ፤ የውጭ መምህራን ቁጥር ቀነሰ። «ኢንግሊሽ ፎር ኒው ኢትዮጵያ» የተባሉት አዲስ የመማሪያ መጻሕፍት በአገሩ ኑሮ ላይ ተመሥርተው ተሰናዱ፤ ይህም ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ነበር። ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የአጠቃላይ ትምህርት ሥርዓት ግምገማ ግን ብዙ ድክመት ገለጠ። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ስቶዳርት የተባሉ ባለሙያ ለትምህርት ሚኒስቴር ባቀረቡት ሪፖርት እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት የመማሪያ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ መሰናክል ሆኗል እስከ ማለት ደረሱ። አነጋገሩ ከባድ ነበር፤ በክፍል ውስጥ ቆሞ ያየ መምህር ግን አልተደነቀበትም።

እዚህ ላይ ተራ ስሌት ማስላት ያስፈልጋል። አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ስድስት ክፍል ቢያስተምርና በእያንዳንዱ 60 ተማሪ ቢኖር 360 ደብተር ይኖረዋል። ለአንድ ገጽ ድርሰት 5 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 1,800 ደቂቃ፣ ማለትም 30 ሰዓት ይሆናል። ይህ ከማስተማሩ፣ ከመዘጋጀቱና ከኑሮው ሥራ በላይ የሚጨመር ነው፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በአንድ ክፍል የነበረው ተማሪ ከ60 ያለፈ ነበር። ስለ ጽሕፈት ትምህርት የወጣ ማናቸውም መመሪያ ይህን 30 ሰዓት ከየት እንደሚያመጣው ካልተናገረ በወረቀት ላይ መቅረቱ አይቀርም። ብዙዎቹም አልተናገሩም።

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲገባ፣ በሁለተኛና በከፍተኛ ደረጃም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። የመሸጋገሪያው ክፍል ከክልል ክልል ተለያየ፤ በአንዳንዱ ሰባተኛ፣ በሌላው ዘጠነኛ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ሰፊ ጥናት በእናት ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች የተሻለ ውጤት እንዳሳዩ አመልክቷል። በራሱ ቋንቋ አንቀጽ መገንባት የለመደ ልጅ በእንግሊዝኛ የሚጎድለው ቃሉና ደንቡ ብቻ ነው፤ ያልለመደው ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መማር አለበት። የአማርኛ ድርሰት ትምህርት በዚያው የምርጫ ፈተና ተጽዕኖ መሳሳቱ የእንግሊዝኛውንም ጉዳት እንዳባባሰው ብዙ ጊዜ አይወሳም።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው፣ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ገባ። የጠራ አነጋገር ለሩቅ ወረዳ ማድረሱ ጥቅሙ ነበር። ይሁንና በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር «አሁን ሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፉ» ብሎ የተወሰነ ጊዜ ይጠብቃል፤ ጊዜው ሲያልቅ ልጁ ጻፈም አልጻፈም ትምህርቱ ይቀጥላል። ደብተሩን ማየት የሚችለው በክፍሉ ያለው መምህር ደግሞ የቀሩት ደቂቃዎች ጥቂት ነበሩ። በማረም ላይ የቆመውን ትምህርት ከማረም የለየ መሣሪያ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሌላው ዓለም ሰዋስውና ጽሕፈት ያላቸው ዝምድና በዚያው መቶ ዓመት ሲመረመር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1963 ብራዶክ፣ ሎይድ ጆንስና ሾር የተባሉ አሜሪካውያን የቀደሙትን ጥናቶች መርምረው ሰዋስውን ለብቻው ማስተማር ጽሕፈትን ለማሻሻል የሚሰጠው ጥቅም ከቁጥር የማይገባ ነው፤ የልምምዱን ጊዜ ስለሚሻማም ሊጎዳ ይችላል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ። ይህ ስለ ገዛ ቋንቋቸው ተማሪዎች የተባለ በመሆኑ ደንቡን ጨርሶ ለማያውቀው የውጭ ቋንቋ ተማሪ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። ይህን ልብ ሳይሉ ሰዋስውን ከክፍል ለማባረር የተጠቀሙበት ተሳስተዋል። በኋላ የመጡ ጥናቶች የለዩት ነገር ይበልጥ ይጠቅማል፤ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን እያጣመሩ ረዘም ያለ መሥራት ጽሕፈትን ሲረዳ፣ የቃል ክፍሎችን ስም መዘርዘር ግን ያን ያህል አይረዳም። ከሁለት ቤት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ስምንት የሚያድገው የቅኔ ተማሪ መንገድ ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም።

ስለ ቀዩ ቀለምም ክርክር ተነሥቷል። ትረስኮት እ.ኤ.አ. በ1996 የውጭ ቋንቋ ተማሪን የሰዋስው ስሕተት በጽሑፉ ላይ ማረም አይጠቅምም፣ ይተው ሲል ጻፈ። ፌሪስ በ1999 ተቃወመችው። ከዚያ ወዲህ ቢችነርና ሌሎች ባደረጉት ሙከራ መምህሩ ሁሉንም ስሕተት ከማረም ይልቅ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ብቻ መርጦ፣ ለምሳሌ «ኤ»ና «ዘ»ን፣ በተደጋጋሚ ሲያርም ተማሪው እንደሚሻሻል ታየ። ይህ ግኝት 360 ደብተር ላለበት መምህር የተለየ ትርጉም አለው። በዚህ ሳምንት የዐረፍተ ነገር መጨረሻን፣ በሚቀጥለው «ኦልዞ»ንና «በት»ን ብቻ የሚመለከት መምህር ለአንድ ገጽ አምስት ሳይሆን አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ 30 ሰዓቱ ወደ ስድስት ይወርዳል። ጠንካሮቹን ተማሪዎች እንደ አስነጋሪ አድርጎ የመጀመሪያውን ንባብ ለእነርሱ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይሆናል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ፈተናው የማይጠይቀው ስለሆነ ግን በየትምህርት ቤቱ በግለሰብ መምህራን ትጋት ብቻ ሲሠራበት ቆይቷል።

ከሁለተኛ ደረጃ የጎደለው ጽሕፈት በመጨረሻ ወደ ላይ ተገፍቶ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። የጽሕፈት መሠረታዊ ችሎታ የሚባል ኮርስ ለልዩ ልዩ ክፍል ተማሪዎች ሲሰጥ ቆየ፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚወስዱት የእንግሊዝኛ ኮርስም አንቀጽ መጻፍን ያካትታል። በአንድ አዳራሽ የተቀመጡት የወደፊት መሐንዲሶች፣ ሐኪሞችና መምህራን የሰዋስው ደንቡን በምርጫ ፈተና አልፈው የመጡ ናቸው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ የጻፉት ሙሉ ገጽ ታርሞ ሲመለስላቸው የመጀመሪያ ጊዜያቸው የሚሆነው በዚያ አዳራሽ፣ በዐሥራ ስምንት ወይም በዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።